የእግዚአብሔር አሳብና የዛሬ ተግባራችን

ሰው ኀዘን ሲደርስበት ከጎረቤት አፍ ቀድሞ የሚወጣው ቃል «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» የሚለው ነው። ይኸው ቃል አውቶቡስ ላመለጠው፥ ፈተና ለወደቀው፥ ልጁን ለቀበረው ሁሉ እኩል ይታደላል። ቃሉ ሐሰት ነው አልልም። ሆኖም በእግዚአብሔር አሳብ መታመንና የእግዚአብሔርን አሳብ ዐውቄአለሁ ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የፊተኛው እምነት ነው፤ የኋለኛው ግን ብዙ ጊዜ ድፍረት ነው። ወጣት አንባቢዎች ሆይ፥ ይህን ልዩነት ገና በማለዳው ብትይዙት ኋላ ከብዙ መሰናክል ትድናላችሁ።

በእኛ በደቡብ በኩል ያደገ የወንጌል አማኝ ልጅ የወላይታን ታሪክ ሳይሰማ አይቀርም። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚስዮን ሰዎች በ1920 ዓ. ም. በዶክተር ላምቢ መሪነት ከአዲስ አበባ ሲነሡ አሳባቸው ጅማ ለመግባት ነበር፤ መንገዱ ግን ወደ ሆሳዕና፥ ወደ ሶዶና ወደ ሲዳማ መራቸው። በ1929 ዓ. ም. የፋሺስት ጣልያን መንግሥት ሲያስወጣቸው በወላይታ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ያህል ብቻ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ግን አማኞቹ ወደ 10,000 ደርሰው ቆዩአቸው። የወላይታ ወንጌላውያንም ተራራውን ተሻግረው ወደ ጋሞና ወደ ጎፋ ደረሱ። በሚስዮን ትምህርት ቤት ይህን ታሪክ ደጋግመን ሰምተነዋል፤ ደስ የሚያሰኝም ነው።

ነገር ግን ሲነገር አንድ አደጋ አለበት። ፍጻሜውን የሚያውቅ ተናጋሪ «አያችሁ፥ መባረራቸው ለበጎ ነበር» ብሎ ይደመድማል፤ ሰሚውም መታመን ማለት በመጨረሻ ብዙ ማግኘት ነው ብሎ ይሄዳል። ዋንዳሮ ዳባሮ በጣልያን ዘመን ታስሮ ሲገረፍ ሳለ 10,000 የሚባል ቁጥር አላወቀም። ያወቀው ጌታውን መካድ እንደማይገባው ነው። በውጭ የነበሩት ወንድሞችና እኅቶችም ያወቁት እስረኛ እንደሚራብ ነው፤ ስለዚህ ስንቅ ተሸክመው ሄዱ፤ ያመጡትም ጠያቂ ለሌላቸው እስረኞች ሁሉ ተረፈ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከዚያ በኋላ ጠፍታ ቢሆን ኖሮ ያን ስንቅ በከንቱ ተሸከሙ እንል ነበርን? እኔ እንደዚያ አልልም።

ፍጻሜው ያማረ ታሪክ ለመታመን ቀላል ፈተና ነው። ከባዱ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ. ም. በጎፋ ዞን፥ በገዜ ጎፋ ወረዳ፥ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለ ቀበሌ የሆነው ነው። ጎፋና ጋሞ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ አንድ ዞን ስለ ነበሩ ኀዘኑ በአርባ ምንጭም የቤት ኀዘን ነበረ። ብርቱ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ከኮረብታው የተናደው አፈር ጥቂት ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ። የአካባቢው ሰው ጩኸቱን ሰምቶ ሮጠ፤ በዶማም በባዶ እጅም መቆፈር ያዘ። በዚህ መካከል ሁለተኛው ናዳ ወርዶ ሊያድኑ የመጡትን ዋጣቸው። የቀበሌው አስተዳዳሪ፥ መምህራን፥ የጤናና የእርሻ ሠራተኞች ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። የሞቱት በጠቅላላው ከ200 በላይ ናቸው።

«እግዚአብሔር በዚህ ምን ዓላማ ነበረው?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት ካዲ አይደለም። የሚያስፈራኝ ለመመለስ የሚቸኩለው ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ የኃጢአት ቅጣት ነው የሚል አይጠፋም። ጌታችን ግን የሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለ ገደላቸው 18 ሰዎች ሲናገር ከሌሎቹ የባሱ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ገልጧል። የኢዮብም ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ መልካም ሠርተው ነበር፤ ጥፋታቸው የጀመረው ምክንያቱን ሊያስረዱት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

እኔም የኬንቾን ምክንያት አላውቅም፤ «ኋላ ለዚህ ሆነ» የምልበት ፍጻሜም አላየሁም። የማየው የሮጡትን ሰዎች ነው። በዚያን ዕለት እያንዳንዱ የራሱ ሥራ፥ የራሱ ቤት ነበረው። የሚቀድመውን ለመለየት ግን የእግዚአብሔር አሳብ እስኪገለጥላቸው አልጠበቁም፤ ከአፈሩ በታች ሰው መኖሩ በቃቸው። ባይሄዱ ይሻል ነበር የሚል ሰው ይኖራል። ስለ ጥንቃቄ ከሆነ እውነት አለው፤ አንድ ጊዜ የተናደ ኮረብታ ዳግመኛ ሊናድ ይችላል። ስለ ልባቸው ከሆነ ግን አልስማማም።

ከእናንተ ብዙዎች በጸሎት «ዓላማዬን ግለጥልኝ» ትላላችሁ፤ ዓላማ የምትሉትም አብዛኛውን ጊዜ ሥራ፥ ትዳር ወይም ከአገር መውጣት ነው። ይህን መለመን ነውር የለበትም። ዳሩ ግን አንዱ ልጅ ጾም ይዞ የሩቁን ምልክት ሲጠብቅ አባቱ ብቻውን የእንሰት ማሳ ይቆፍራል፤ ሌላይቱ ማታ ማታ ለመዝሙር ልምምድ ስትሮጥ የታመመች አያቷ ውኃ የሚያቀብላት ታጣለች። (እንሰቱ ከዓመታት በኋላ እንደሚደርስ እያወቀ የሚተክለው አባት ስለ መታመን ብዙ ያስተምር ነበር፤ ልጁ ግን አጠገቡ አልነበረም።)

መታመን ዶማን ከእጅ አያስጥልም። በጋሞ ደጋ አባቶቻችን ቁልቁለቱን በእርከን እየያዙ ያረሱት የዝናቡ ጌታ ማን እንደ ሆነ ዘንግተው አይደለም። እንግዲህ በኮረብታ ሥር ቤት ልሠራ ነው የሚል ወንድም ቢያማክራችሁ «እግዚአብሔር ይጠብቅሃል» ብላችሁ አታሰናብቱት። አብራችሁት ሂዱ፤ መሬቱ ተሰንጥቆ እንደ ሆነ፥ ከበላዩ ያለው ዛፍ ተመንጥሮ እንደ ሆነ፥ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚወርድ እዩለት። ጸሎቱም እዚያው ቦታው ላይ ይደረግ።