ደለል የያዘው ሂሳብ

ወንዝ ያጥባል፤ ይወስዳል፤ ያስረሳል እንላለን። «ውሃ ወሰደው» ያልነው ነገር ከእጃችን ብቻ ሳይሆን ከኅሊናችንም የወጣ ይመስለናል። ይህ እምነት ለእበትና ለቅጠል ይሠራ ይሆናል፤ ይበሰብሳሉና። ክሮሚየም፣ እርሳስና ካድሚየም የተባሉት ከባድ ብረቶች ግን አይበሰብሱም። ውሃው ሲያልፍ ከደለሉ ጋር ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ጎርፍ ሲቀሰቅሳቸው ደግሞ ይነሳሉ።

ትንሹ አቃቂ በአዲስ አበባ ሲወርድ ከቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም፣ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ሲሸከም ኖሯል። በዳርቻው ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ተመራማሪዎችም ብረቶቹን በደለሉም በቅጠሉም ውስጥ ደጋግመው አግኝተዋል። ጎመኑስ ይታጠባል፤ በሥሩ የገባውን የትኛው ውሃ ያወጣዋል?

ጥፋቱ የማን ነው? ፋብሪካውን መክሰስ ቀላል ነው፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን እኔ ይህን የምጽፈው በክሮሚየም የለፋ ቆዳ ተጫምቼ ነው። (የሙያ ባልደረቦቼም በባዶ እግራቸው አይሄዱም።) ጫማ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ዋጋው ሲተመን ፍሳሹን የማጣራት ወጪ ካልተቆጠረ፣ እኔ ያልከፈልሁትን አትክልተኛውና ከጉልት የምትሸምተው እናት በአካላቸው ይከፍሉልኛል ማለቴ ነው።

ሂሳቡ ሲዘገይ ምን ያህል እንደሚረዝም ጃፓን አይታለች። ከካሚዮካ የማዕድን ማውጫ በጂንዙ ወንዝ የወረደው ካድሚየም ሩዝ ማሳ ገብቶ የገበሬዎችን አጥንት አመነመነ። መንግሥት ምክንያቱን ያመነው እ.ኤ.አ. በ1968 ነበር፤ የተበከለው የማሳ አፈር ተለውጦ ያለቀው ግን በ2012 ነው። መንግሥት ባመነበት ዓመት የተወለደ ሕፃን በዚያን ጊዜ የ44 ዓመት ጎልማሳ ነበር።