ጠያቂ የሌለው

መጀመሪያ የተያየነው የጫማዬ ክር ሲፈታ ነው።

ጃንሜዳ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል። ሥራ ለቅቄ ቤት መዋል ከጀመርኩ ወር ሆኖኛል፤ ሜዳውን የምዞረው ጭንቅላቴ እንዳይዞር ነው። አንድ ጆሮው የተቀደደ ቡናማ ውሻ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ይከተለኛል። ክሬን ላስር ጎንበስ ስል ጭራውን በእግሮቹ መሀል ቀርቅሮ ፈረጠጠ።

ምን አደረግኩት? ቆይቶ ነው የገባኝ። እኛ አገር መንገድ ላይ ጎንበስ ያለ ሰው ድንጋይ ሊያነሳ ነው። ልጆች ሆነን ውሻ ሲያባርረን «ድንጋይ ባይኖርም ጎንበስ በሉ፣ ይሸሻል» ተብለን አይደል ያደግነው? እኛ ተምረናል፤ ውሾቹም ተምረዋል።

በማግስቱ ዳቦ ይዤ ሄድኩ። ቆርሼ አስቀምጬ ራቅ እላለሁ፤ እሱም እኔን እያየ ይበላል። ሃያው እርምጃ አሥር ሆነ፣ አሥሩ ሦስት። ቦቢ አልኩት፤ አዲስ አበባ ውስጥ ግማሹ ውሻ ቦቢ ስለሆነ ብዙ አላሰብኩበትም። በሁለተኛው ወር አካባቢ ጎንበስ ስል መሸሹን ተወ። ጭራሽ ወደ እጄ ይመጣ ጀመር። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ነገር የተሳካልኝ መሰለኝ።

በሩ ላይ ያሉት ዘበኛ ግን ደስ አላላቸውም። «ልጄ፣ ቤትሽ ለማታስገቢው እንግዳ ደጅ ላይ ቡና አታፍይለት» አሉኝ። አንድ ክፍል ነው የተከራየሁት፤ አከራዬ እንኳን ውሻ፣ እንግዳ ሲያድር ደስ አይላቸውም። «ዳቦ ብቻ ነው እኮ ጋሼ» ብዬ አለፍኩ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኳስ ከሚጫወቱት ልጆች አንዱ ጎንበስ አለ። ቦቢ አየው። ጭራውን እየቆላ ወደ ልጁ ሮጠ።

ድንጋዩ የኋላ እግሩ ላይ አረፈ።

ልጁን ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር። እሱ ግን ፊቱ ነጥቷል፤ «ሊነክሰኝ መስሎኝ ነው!» አለኝ። አልዋሸም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 በውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ካተረፈ ይኸው ስንት ዘመን አለፈ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በእሱ ስም «ፓስተር» የሚባል ሰፈር አለን፤ በሽታው ግን ዛሬም አብሮን አለ። የልጁ ፍርሃት ምክንያት አለው።

የቦቢስ? እሱም ምክንያት ነበረው። የጎዳና ውሻ ቤት የለው፣ ጌታ የለው፤ የነበረው ጋሻ ፍርሃቱ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ እኔ በዳቦ ገዛሁት። ስንት ጠዋት ለፍቼ አንድ ነገር አስተማርኩት፦ ሰው ጎንበስ ሲል እንዳይሸሽ። ድንጋዩን የወረወረው ልጁ ነው። ቦቢን አቅርቦ ያቆመው ማነው?

«ውሻ ነው እኮ፣ ምን አካበድሽው» ያለችኝ ጓደኛዬ ናት። ካንት ቢሰማት ግማሹን ይስማማ ነበር። እሱ እንደሚለው ለእንስሳ በቀጥታ ግዴታ የለብንም፤ ግን ዘመኑን ሙሉ ያገለገለውን ውሻ ሲያረጅ የሚገድል ሰው በውስጡ ያለውን ሰብአዊነት ይጎዳል። ጥሩ። ግን ይህ ሁሉ ስለ እኔ ነው። ያነከሰው እኮ ቦቢ ነው።

ብዙ የረዳኝ የራሳችን ቃል ነው። አንድ ሰው ተገድሎ «ማን ገደለው?» የሚል ሲጠፋ «ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» እንላለን። የውሻ ደም ሆነ ማለት ነው፤ ጠያቂ የሌለው ደም። «ጠያቂ» ደግሞ ሌላም ትርጉም አለው። ሆስፒታል የተኛ፣ እስር ቤት የገባ ሰው ጠያቂ ያስፈልገዋል። መጥቶ የሚያየው፣ ምን ጎደለህ የሚለው። አንዱ ቃል ሁለቱንም ይዟል። በሕይወት ሳለህ የሚጎበኝህ ሰው፣ ክፉ ሲደርስብህም «ለምን?» የሚል ሰው ነው።

ፈላስፋው ኢማኑኤል ሌቪናስ አይሁዳዊ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለፈረንሳይ ሲዋጋ ተማርኮ ጀርመን ውስጥ ታሰረ። በኋላ እንደጻፈው፣ ጫካ ለሥራ ሲወሰዱ በመንገድ የሚያዩአቸው ሰዎች እንደ ሰው አይቆጥሯቸውም ነበር። አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ ግን ጠዋት ሲሰለፉ ይመጣል፣ ከሥራ ሲመለሱም እየዘለለ ይቀበላቸዋል። ለእሱ ሰዎች ናቸው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጠባቂዎቹ አባረሩት። እስረኞቹ ያወጡለት ስም ቦቢ ነበር። ይህን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ። ያለ ሥራ በቆየሁባቸው ወራት፣ በየማለዳው መምጣቴን የሚጠብቅ ማን ነበር?

ታዲያ ምን ላድርግ? እንደገና እንዲፈራኝ ድንጋይ መወርወርም አስቤ ነበር፤ እጄ እምቢ አለ። ቤቴም ላስገባው አልቻልኩም። ማድረግ የምችለው ጠያቂ መሆን ነው። ከጋሼ ጋር ሆነን የእንስሳት ሐኪም ጠራን፤ ቦቢ እግሩ ታየለት፣ የእብድ ውሻ ክትባት ተከተበ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ማሰሪያ ታሰረለት። ለኳስ ተጫዋቾቹም ነገርኳቸው። በአንድ ቦታ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መዛመቱን ያቆማል ይባላል፤ እኔ የደረስኩት አንዱ ጋ ነው። ጋሼም የቡናውን ተግሳጽ አልደገሙም፤ እኔ የቀረሁ ቀን ዳቦ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው።

ዕዳዬን ከፈልኩ አልልም። ነገ ቤት ብቀይር፣ ሌላ ሥራ ባገኝ ምን ይሆናል? አላውቅም። የማያዛልቅ ወዳጅነት ከመጀመሪያው ባይጀመር ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ያንን ጠዋት ሳስታውስ ልክ ናቸው እላለሁ። ደግሞ በማግስቱ ዳቦ ይዤ እሄዳለሁ።

ቦቢ አሁን ትንሽ ያነክሳል። የጫማዬን ክር ላስር ጎንበስ ስል አይሸሽም፤ ሮጦም አይመጣም። ቆም ብሎ መጀመሪያ እጄን ያያል። ይህን እኔ አላስተማርኩትም።