ቆሎው ይቆይ

ልጆቼ፣ ባለፈው ጥር የወንድሜ ልጅ አዲስ አበባ ቶንሲሉን አስወጥቶ በአራተኛው ቀን መሐል ሜዳ ገባ። ልጠይቀው ሄድኩ። ባና ተከናንቦ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። እናቱ ጣሳ ሰጥታዋለች፤ ምራቁን እንኳ አይውጥም፣ እየተፋ ነው። «ምን በላ?» ብላት «ቁስሉ ይረፍ ብዬ ምንም አልሰጠሁት፤ ውሃውንም ያመኛል ይላል» አለችኝ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ሽንቱን ጠየቅኩት፤ ከጠዋት ጀምሮ አንዴ ብቻ፣ እሱም እንደ ጠቆረ ሻይ። ከሆስፒታል የሰጡትን ወረቀት ተቀብዬ ሳነብ ስለ ምግብ የተጻፈው አንድ ቃል ነው፦ አይስክሬም።

ከ3000 ሜትር በላይ ባለች ከተማ፣ ደጅ ባደረ ጀሪካን ላይ ስስ በረዶ በሚጋገርበት ወር፣ አይስክሬም ከየት ይምጣ? ምስኪን እናት አይስክሬም ስላጣች ሌላው ሁሉ የተከለከለ መስሏት ልጇን በጥም ልትጨርሰው ነበር። ወረቀቱን የጻፈው ሰው አላጠፋም፤ የሚጽፍለት ሰው ከየት እንደመጣ አልጠየቀም እንጂ።

እኔ ጡረታ እስክወጣ በመንዝ ጤና ጣቢያዎች በጤና ረዳትነት ሠርቻለሁ። ዛሬ ግን የምመክራችሁ ከመድኃኒት መደርደሪያው ሳይሆን ከጓዳው ነው፤ ከእናንተ ወይ አንዱ ቶንሲሉን ያስወጣል፣ ወይ የሚያስወጣ ታናሽ ያስታምማል።

መጀመሪያ ይህን ያዙልኝ። የተሰበረ እግር ታስሮ ይተኛል፤ የተቆረጠ ጉሮሮ ግን ሥራ ካልሰጡት በቀላሉ አይሽርም። ካልዋጣችሁ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ሕመሙ ይብሳል፤ ሕመሙ ሲብስ ደግሞ ጭራሽ አትውጡም። ያንን ልጅ ያሠቃየው ቢላው አልነበረም፣ ጥሙ ነው። ለብ ያለ ብርዝ በሻይ ማንኪያ እየጨለፍኩ ስሰጠው የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ማንኪያዎች እንባው እየወረደ ዋጠ። ከአሥረኛው በኋላ ማንኪያውን ከእጄ ወሰደ።

ቁስሉ ምን እንደሚመስል ላስረዳችሁ፤ ያላወቀ ሰው ይደነግጣልና። በስልካችሁ መብራት ብታዩት በእንጥሉ ግራና ቀኝ ሁለት ጉድጓዶች ነጭ ወይም ቢጫማ ነገር ለብሰው ታያላችሁ። መግል አይደለም። ክንድ ላይ ቢሆን ጥቁር ቅርፊት ይሆን ነበር፤ እርጥብ ቦታ ላይ ስለሆነ ነጣ። አፉ ይሸታል፤ እሱም ያለ ነው። በጨርቅም በጣትም እንዳትነኩት። አንዳንዱም ጆሮዬን አመመኝ ይላል። ጉሮሮንና ጆሮን የሚያገናኝ ነርቭ ስላለ ነው እንጂ ጆሮው ጤነኛ ነው፤ ቅቤ አቅልጣችሁ እንዳትጨምሩበት። ሕመሙ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ከመጀመሪያው ቀን ሊብስ ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ የሚለቀው ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ይህን ቀድማችሁ ካወቃችሁ በአራተኛው ቀን «አበላሹት» ብላችሁ አታለቅሱም።

ፓራሲታሞሉን ሐኪሙ በልጁ ክብደት ባዘዘው ልክ፣ ከምግቡ ግማሽ ሰዓት አስቀድማችሁ ስጡ። ሕመሙ ጋብ ሲል ያን ጊዜ ማንኪያውን አምጡ። አስፕሪን ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ አይሆንም። ኮዴይን ያለበት ሽሮፕም ለሕፃናት አይሰጥ፤ አሜሪካኖች በ2013 እ.ኤ.አ. ቶንሲላቸው ለወጣ ልጆች የከለከሉት አንዳንዱን ልጅ ትንፋሽ ስላሳጣ ነው።

አሁን ወደ ምድጃው እንሂድ። የመንዝ ሰው ሀብቱ ገብስና በግ ነው፤ ሁለቱም ለዚህ በሽተኛ ይሆናሉ፣ አሠራሩን ካወቃችሁበት። አጥሚቱን እንዲህ ሥሩት። አጃውን ወይም ገብሱን አመስ አድርጋችሁ አስፈጩና በቀጭን ወንፊት ሁለት ጊዜ ንፉት፤ ጤነኛው የማያውቃት የገለባ ስብርባሪ ለቁስል እሾህ ናት። ዱቄቱን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፤ ከዚያ በፈላው ላይ እያማሰላችሁ ጨምሩ። ከፍታችን ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሆነ ገብሱ ቶሎ አይበስልም፤ አዲስ አበባ ያለች እህታችሁ በስልክ የነገረቻችሁን ደቂቃ ተዉትና ጥሬ ጥሬ ማለቱን እስኪያቆም ጠብቁ። ትንሽ ጨው፣ ትንሽ ለጋ ቅቤ፣ ከወደደ ማር። ዝንጅብልም ቁንዶ በርበሬም ጥቁር አዝሙድም አይግባበት። ከዚያ አውርዳችሁ አቀዝቅዙት። ትንሿን ጣታችሁን ብትነክሩበት ሙቀቱም ቅዝቃዜውም እስከማይሰማችሁ ድረስ ቆዩ። ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ የሚጋረደውን ስልባቦት የመሰለ ሽፋን ግፈፉት፤ ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ የሚያስለው እሱ ነው። ሳል ደግሞ ለዚህ ቁስል ጠላት ነው።

የበጉ ነገር መረቁ ነው። ቅልጥሙን ያለ በርበሬ፣ ያለ ቲማቲም፣ በጨውና በትንሽ ቀይ ሽንኩርት ብቻ ቀቅሉት፤ አጥልሉት፤ ለብ ሲል አጠጡት። ከሦስት አራት ቀን በኋላ የጤፍ እንጀራ በዚህ መረቅ ፈትፍታችሁ ማጉረስ ትችላላችሁ። የገብስ እንጀራ ሸካራ ነውና እሱ ይቆይ። በጣም የኮመጠጠ እንጀራም ይለበልባል፤ ለጋውን ምረጡ። ወተት ሲጠጣ ጉሮሮ ላይ የሚጣበቅ ነገር ያለ ይመስላል፤ አክታ ጨምሮ አይደለም፣ በአንድ ጉንጭ ውሃ ይታጠባል። ያልከረረ እርጎ፣ በወተት የተፈጨ ድንች፣ በደንብ ያልደረቀ እንቁላል ፍርፍር፣ በሚገባ የበሰለ የገብስ ቅንጬ፣ እነዚህ ሁሉ በደህና ይወርዳሉ። መርሐ ቤቴ ያላችሁ ደግሞ ከቆላው ሙዝና ፓፓያ ስለማታጡ ከእኛ ይቀላችኋል። በሶም ቢሆን ሁለቴ ተነፍቶ ቀጠን ብሎ ከተበጠበጠ ይጠጣል፤ ጭብጦው ነው የማይሆነው።

ለሳምንታት ፈሳሽ ብቻ ይጠጣ የሚሉም አሉ። እኔ አልስማማም፤ የዛሬ ሐኪሞችም ጥብቅ ክልከላውን ትተውታል። የሚወርድለትን ይብላ። ማላመጥ የመንጋጋን ጡንቻ ያፍታታል፣ ምራቅ ያመጣል። ክልክሉ ጥቂት ነው፦ የሚያቃጥል፣ የሚኮመጥጥ፣ የሚቧጥጥ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀይ ሥርና ቀይ ጁስም ይቅር፤ ካስታወከው ደም መስሎ ቤቱን ሁሉ ያሸብራል።

ትልቁ ፈተና ግን ከጓዳው አይመጣም፣ በበሩ ነው የሚገባው። ጠያቂ! አንዱ ብርቱካን በፌስታል ያመጣል፤ በሽተኛ ጥየቃ ያለ ብርቱካን ሆኖ አያውቅምና። አንዷ ድፎ ዳቦ ተሸክማ ትመጣለች። አንድ አጎት ከጋቢው ሥር አረቄ ያወጣና «ቁስሉን ያደርቅለታል» ይላል። ሌላዋ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ወቅጣ «ዋጥ አድርጋት» ትላለች። ሁሉም ፍቅር ነው፣ ሁሉም ያቃጥላል። ብርቱካኑን ልጣችሁ ለጠያቂው መልሳችሁ አቅርቡ፤ ዳቦው ከቡና ጋር ይቆረስ፤ አረቄውን አጎት ራሱ ይጠጣው። ማንም አይቀየምም፤ ደግሞም ቢቀየም በሁለት ሳምንት ይረሳል። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ጉንፋን ሲይዛችሁ በሌላ ጊዜ የምታደርጉት ነው፣ እኔም አደርገዋለሁ፤ በተቆረጠ ሥጋ ላይ ግን አይደለም። ማርን በተመለከተ አያቶቻችን አልተሳሳቱም፤ ቶንሲላቸው በወጣ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሕመም እንደሚያስታግስ ያመለክታሉ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ብቻ አይሰጥ።

ጾሙስ? የመንዝ ነገር ነውና ይህን ሳላነሳ አላልፍም። ቀጠሮው ሁዳዴ ላይ ሲውል ወተቱንም መረቁንም ትቶ በውሃ ብቻ የሚሰነብት ሰው በዐይኔ አይቻለሁ። ፍትሐ ነገሥት በጾም አንቀጹ በደዌ የታመመውን ሰው ለይቶ ያወጣዋል። ወደ ሆስፒታል ከመሄዳችሁ በፊት የነፍስ አባታችሁን አማክሩ፤ ታሞ ተኝቶ ማማከር አስቸጋሪ ነው። ተፈቅዶለትም እጾማለሁ ለሚል ደግሞ ተልባ አለለት። ተልባውን አመስ አድርጋችሁ ውቀጡ፣ በውሃ በጥብጡና አንድ ሰዓት አስቀምጡት፤ ገለባው ሲዘቅጥ ላዩን በስስ ጨርቅ አጥልሉ። የሚወርደው እንደ እንቁላል ነጭ የሚሙለጨለጭ ነው፤ ትንሽ ማር ጣል ሲደረግበት ጉሮሮን እየቀባ ይወርዳል። እኔ ለጾም ቀን ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የሱፍ ውሃም፣ ያለ በርበሬ የተሠራ ቀጭን አልጫ ሽሮም ይከተላሉ።

ለዚያ ልጅ መጀመሪያ ያደረግኩለት ከምድጃው ማራቅ ነበር። እንጨት ባጣ አገራችን የምናነደው ኩበት ነው፤ ጭሱ ጤነኛውን ያስላል። ሞቅ ያለ ቦታ ይተኛ፣ ነገር ግን ጭስ የማይደርስበት። ሌሊት አፉን ከፍቶ ስለሚተነፍስ ጉሮሮው ይደርቃል፤ ከራስጌው በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ይኑር፣ በነቃ ቁጥር ሁለት ጉንጭ ይጠጣ። «ቀዝቃዛ ውሃ ይመታዋል» የምትሉትን አውቃለሁ፤ አይመታውም፣ ያደነዝዝለታል እንጂ። እሱ አልፈልግም ካለ ለብ ያለውን ስጡት።

አሮጌ ሰው ነኝና አንድ የቆየ ነገር ልጨምር። በእኛ ልጅነት ጉሮሮ ሲታመም የሚጠራው እንጥል ቆራጭ ነበር፤ እንጥሉን በፈረስ ጭራ ሸምቀቆ የሚቆርጥ፣ ወይም ቶንሲሉን በጥፍሩ የሚቧጥጥ። ደም እየተፉ ጤና ጣቢያ የመጡልኝን ሕፃናት ቁጥር አልነግራችሁም፤ ሁሉም አልተመለሱም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የሕፃን እንጥል መቁረጥን በስሙ ጠርቶ ከጎጂ ልማዶች ጋር አስቀምጦታል። ይህንን የአንገት በላይ ሐኪም ከሚሠራው ጋር አታምታቱት፤ አንዳንድ እናት ሁለቱን አንድ አድርጋ ትፈራለች። ሐኪሙም ቢሆን ዝም ብሎ አያወጣም፤ በዓመት ሰባት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚመላለስ፣ ወይም እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚያቋርጥ ሲሆን ነው የሚያስበው። ለሌላው የጉሮሮ ቁስለት የታዘዘውን መድኃኒት እስከ መጨረሻው ፍሬ መዋጥ ነው። የጉሮሮ ሕመም ችላ ተብሎ ልብ ላይ የወጣባቸው ልጆች በአገራችን ብዙ ናቸው።

አሁን የምነግራችሁ ከምግቡ ሁሉ ይበልጣል። ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ቅርፊቱ ይረግፋል፤ የዚያን ጊዜ ሊደማ ይችላል። ምራቅ ላይ የታየች ቀጭን መስመር ሌላ ነገር ናት፤ ትኩስ ቀይ ደም ከሆነ ግን፣ ወይም የተኛ ልጅ ደጋግሞ ሲውጥ ከሰማችሁ፣ ጎንበስ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ይትፋ እንጂ አይዋጥ፣ እህልም ውሃም ሳታቀምሱ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ያለምግብ የምትወስዱት ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ስለሚችል ነው። ስለዚህም ነው የወንድሜን ልጅ በአራተኛው ቀን ያን ያህል መንገድ በመምጣቱ የተቆጣሁት። ከአዲስ አበባ መሐል ሜዳ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጣርማ በር ወዲህ ያለውን መንገድ ደግሞ ሌሊት ደም የሚተፋ ልጅ ይዞ መመለስን አስቡት። ደብረ ብርሃን ዘመድ ካላችሁ አሥሩን ቀን እዚያው ክረሙ፤ ጓዙን ላኩላቸው፣ አጃውንም ማሩንም። መርሐ ቤቴ ያላችሁ ዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል አጠገብ ሰንብቱ፣ ወደ ገጠሩ አትግቡ።

ልጁ በስምንተኛው ቀን ቅንጬ በላ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እናቱ ገብስ ስትቆላ ሽታው ደርሶት ብድግ ብሎ ወጣ፣ ከምጣዱ ላይ እፍኝ ሊያነሳ። እጁን ያዝኩት። «አክስቴ፣ አንዲት ብቻ» አለኝ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አይሆንም አልኩት። ቆሎውን በቁና ሰፍሬ ከላይኛው መደብ ላይ አስቀመጥኩለት፤ በአሥራ አምስተኛው ቀን ጠዋት ሄጄ ባየው ቁናው ባዶ ነው።