እንባው የማን ነው?

በመዘምራን ኅብረታችን ኪቦርድ የምትጫወት አንዲት እህት ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሙዚቃ ታጠናለች። ከአምልኮ በኋላ ጠብቃ፣ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ስዘምር ማልቀስ አቃተኝ» አለችኝ።

ክፍል ውስጥ ቅኝት ተምራለች፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ እንዴት እንደሚዋቀሩ። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያስለቅሳት መዝሙር የተሠራው በትዝታ ቅኝት ነው። በዚያው ቅኝት አዝማሪ ቤት ማሲንቆ ሲመታም ሰው ያለቅሳል። «ታዲያ ያ ሁሉ እንባ የመንፈስ ቅዱስ ነበር ወይስ የቅኝቱ?»

እናንተም ይህን ትምህርት ብትመርጡ ጥያቄው ይጠብቃችኋል። «ለዘማሪ ቅባት ይበቃዋል፤ ትምህርት ምን ያደርግለታል?» የሚሉ ወገኖች አሉ። አልስማማም። አንደኛ ዜና መዋዕል 25 ለእግዚአብሔር ለመዘመር የተማሩትን ቆጥሮ 288 ያደርሳቸዋል። ጥያቄዋን ግን በጥቅስ ብቻ መዝጋት አልፈለግሁም።

ሳኦልን አስቡት። ዳዊት በገና ሲደረድርለት ያርፍ ነበር፤ ዕረፍቱም እውነተኛ ነበር። በኋላ ግን ዳዊት እየደረደረለት ሳለ ጦር ወረወረበት። ዜማው ሥራውን ሠርቷል፤ ልብ መለወጥ የዜማ ሥራ አልነበረም። በሌላ በኩል ኤልሳዕ ራሱ ደርዳሪ አስጠራ፤ ሲደረደርለትም የእግዚአብሔር እጅ በላዩ መጣች። እግዚአብሔር በክር ድምፅ መጠቀምን አልናቀም።

ስለዚህ «እንባሽ የቅኝቱም ሊሆን ይችላል» አልኳት። ደነገጠች። እኔን ያሳሰበኝ ግን ያለፈው እንባዋ አይደለም፤ ዛሬ የሌላውን ሰው እንባ ማምጣት መቻሏ ነው። መባ ሊሰበሰብ ሲል ኪቦርዱን ዝግ አድርጎ ጉባኤውን የሚያስለቅስ ሰው አይታችሁ ይሆናል። (እኔም በወጣትነቴ መድረክ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ያኔ ግን ሁሉንም «መንፈስ ነው» እል ነበር።) ያ ሰው የሚያደርገውን ቢያውቅ ይሻላል ወይስ ባያውቅ? የማያውቀው ራሱንም ያታልላል። የሚያውቀው ቢያንስ እጁን ማንሳት ይችላል።

ባለፈው እሑድ የንስሐ ጥሪ ሲቀርብ እህታችን እንደ ልማዳችን ከሥር ማጀብ ጀመረች፤ ከዚያ አቆመች። ሰባኪው ዞር ብሎ አያት። የወንበር መንቋቋትና የሕፃን ሳል ይሰማ ነበር፤ ዝምታው ሁላችንንም ከበደን። ወደ ፊት የወጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።