ሃይማኖት የገዢዎች ፈጠራ ነውን?

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም

 

የተማሩ ወጣቶቻችን ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «ሃይማኖት ገዢዎች ሕዝብን አፉን አዘግተው ለመግዛት የፈጠሩት መሣሪያ ነው» ይላሉ። በደርግ ዘመን ይህ አባባል በውይይት ክበብ እንደ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ደርግ አለፈ፤ ጥርጣሬው ግን አላለፈም። ጠያቂውን «ካፊር ሆንክ» ብሎ ማሸማቀቅ መልስ አይሆንም። እኔ መልሱን ከደብረ ታቦር ታሪክ ልጀምር።

ደብረ ታቦርን መናገሻቸው ያደረጓት የየጁ መሳፍንት የዘር ሐረጋቸው ከሙስሊም ወገን ይመዘዛል። ሥልጣን የሚገኘው በክርስትና በኩል ስለነበር ተጠመቁ። የመጨረሻው የየጁ ገዢ ራስ ዓሊ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ በደጃዝማች ካሣ እስኪሸነፉ ድረስ ጠላቶቻቸው በሃይማኖታቸው ያሟቸው ነበር።

ኋላም ደብረ ታቦር ከአፄ ዮሐንስ መቀመጫዎች አንዷ ሆነች። ንጉሡ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ ወዲህ ሙስሊሙ እንዲጠመቅ አዘዙ። የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። ሸህ ጠልሃ ግን እምቢ ብለው ተዋጉ፤ ብዙዎችም ቀዬአቸውን ጥለው ተሰደዱ። በደጋው አገር ሙስሊሙ ርስት አይገባውም ነበርና በንግድና በሽመና ኖረ። «ሰማይ ምሰሶ የለውም፣ እስላም አገር የለውም» የተባለውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ተጠራጣሪው ወንድማችን ማስረጃ የለውም አንልም። ሹመትም፣ መሬትም፣ ሰይፍም በሃይማኖት ስም ተንቀሳቅሰዋል። በእኛም በኩል ቢሆን በኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም ዘመቻ ጊዜ ከፍርሃት የተነሳ የሰለሙ ክርስቲያኖች ነበሩ። ይህን መደበቅ አይጠቅመንም።

ነገር ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እናንብበው። ኢማሙ በ1535 ዓ.ም. ሲገደሉ ከእነዚያ ክርስቲያኖች ብዙዎቹ ወደ ቀድሞ እምነታቸው ተመለሱ። በአፄ ዮሐንስ ዘመንም ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆነው የኖሩ እንደነበሩ ተጽፏል። ንጉሡ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ፤ አዋጁም አብሯቸው ወደቀ። በደብረ ታቦር ግን ዛሬም አዛን ይሰማል። እምነት የገዢ ፈጠራ ቢሆን ኖሮ በገዢ ትእዛዝ በጠፋ ነበር። ሌሊት ተነስቶ በሹክሹክታ የሚሰግድ ሰው ከሰላቱ ምን ሹመት ያገኛል? ከሞት በቀር ምን ይጠብቀዋል?

ጽናት ብቻውን የአንድን እምነት እውነትነት አያረጋግጥም። «የገዢዎች ፈጠራ ነው» የሚለውን ክስ ግን ያፈርሰዋል። ሃይማኖትን ማን ተጠቀመበት የሚለውና ሃይማኖት ከየት መጣ የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

የእስልምናን አጀማመር ተመልከቱ። በመካ ሥልጣኑም ሀብቱም በቁረይሾች እጅ ነበር። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ቀድመው ከተከተሉት አንዱ ሐበሻው ባሪያ ቢላል ነው። ሶሓቦች ወደ አገራችን ወደ ነጃሺ የተሰደዱት ከገዢዎች ዱላ ሸሽተው ነው። ቁረይሾች ሀብትና ንግሥና ቢያቀርቡላቸውም ነቢዩ እንዳልተቀበሉ ሲራ ይነግረናል። አላህም በሱረቱል በቀራ በሃይማኖት ማስገደድ እንደሌለ ደንግጓል። በዚህ የሚወቀሰው የጥንቱ ንጉሥ ብቻ እንዳይመስለን፤ የራሳችን ሰው ቢያስገድድም ትእዛዙን ጥሷል።

ወገኖቼ! ወጣቱን ወደ ጥርጣሬ የሚገፋው መጽሐፍ ብቻ አይደለም። ዓሊሙ ከባለ ሥልጣን ደጅ ሲጠና፣ የድሃው ሐቅ ሲበላ ምንበሩ ዝም ሲል ያያል። ያን ጊዜ «መሣሪያ ነው» ቢል ምስክሩ እኛው ነን። ሌሊት ተደብቀው የሰገዱት አባቶችና እናቶች ያቆዩልንን አደራ ቀን በአደባባይ ለሹመት መሸጥ ከአዋጁ የከፋ ጥፋት ነው።

ወላሁ አዕለም።