በደል ርስት ይሆናል ወይ?

አንድ ሰው በብሔሩ ምክንያት ሲመታ ጩኸቱን ማሰማት ያለበት በማን ስም ነው? በራሱ ስም? በብሔሩ ስም? ወይስ በሰው ልጅነቱ? ነገሩ የፍልስፍና ክፍል ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን በአገራችን ፓርቲ ሲቋቋምበት፣ ሰው ሲታሰርበትና ደም ሲፈስበት ያየነው ጥያቄ ነውና፣ በዚች በስቴንስል በምትባዛው መጽሔታችን ላይ ብናነሣው ነውር የለበትም። መልሱ ቀላል ነው የሚል ካለ ገና አላሰበበትም ማለት ነው።

እስቲ ከታሪኩ እንነሣ። በሰኔ 1983 በተጠራው የሽግግር ጉባኤ ላይ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ወክለው የተገኙት የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነበሩ። በጉባኤው ላይ በኤርትራ ጉዳይ ተቃውሟቸውን ያሰሙት ስለ ኢትዮጵያ አንድነት እንጂ ስለ አንድ ብሔር አልነበረም። እኚሁ ሰው በ1984 የመላው ዐማራ ሕዝብ ድርጅት (መዐሕድ) መሪ ሆነው ብቅ አሉ። ምን ተገኘ? በበደኖ፣ በአርባጉጉ ሰው በዐማራነቱ ተገደለ። የሚገድለው ወገን ስም እየጠራ ሲመጣ የሚሞተው በዚያው ስም ባይሰበሰብ ምን ያድርግ? ፕሮፌሰሩ ታሰሩ፤ ታመው ለሕክምና ወደ ውጭ ከወጡ በኋላም በግንቦት 1991 ዐረፉ። ድርጅታቸው ከዓመታት በኋላ «ዐማራ» የሚለውን አውጥቶ «ኢትዮጵያ» የሚለውን በማስገባት መኢአድ ተባለ። የወጣው ስም ግን እንደ ወጣ አልቀረም። በሰኔ 2010 ባሕር ዳር ላይ የዐማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) ሲመሠረት ተመልሶ መጣ።

አብን ያነሣው ጥያቄ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። በ2004 ከጉራፈርዳ የተፈናቀለው ገበሬ ነበረ። የወልቃይትና የራያ ጉዳይ ነበረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ዐማራው በቅጡ ሳይወከል የጸደቀ ነው የሚል ክርክርም ነበረ። በየከተማው ስብሰባ ሲጠራ ወጣቱ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ተመራቂ ሥራ ፈት፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ነጋዴ፣ ሁሉም መጣ። ለዓመታት «ነፍጠኛ» እየተባለ አንገቱን ሲደፋ የኖረ ወጣት ቀና በል ሲባል ለምን መጣህ ብሎ መክሰስ ቀልድ ነው።

ይህ ንቅናቄ ቀኝ ነው ግራ? የሚጠይቁን ጓዶች አሉ። ቀኝና ግራ የሚለው አጠራር እ.ኤ.አ. በ1789 ከፈረንሣይ ጉባኤ አቀማመጥ የመጣ ነውና ልክ እንደ ሰው ኮት እኛን አይልከንም። ይልቅስ አንድ የሚገርም ነገር አለ። የብሔረሰቦችን ጥያቄ በአደባባይ ያፈነዳው ኅዳር 1962 «ታገል» በተባለው የተማሪዎች ልሳን ላይ የወጣው የዋለልኝ መኮንን ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው የወሎ ልጅ፣ ያውም ግራ ክንፍ ተማሪ ነበር። እንደ እኛው ባለች መጽሔት ላይ የወጡ ጥቂት ገጾች ናቸው አገር ያነጋገሩት። ያኔ ጥያቄው «ማን ተጨቆነ? እኩልነትስ እንዴት ይመጣል?» የሚል ነበር። ዛሬ በየፓርቲው የሚሰማው ግን «ይህ መሬት የማን ነው? ይህች ከተማ የማን ናት?» የሚል ነው። የእኩልነት ጥያቄ የባለቤትነት ጥያቄ ሆኗል። ይህ ለውጥ በአብን ብቻ አልመጣም፤ ከእርሱ በፊት በነበሩት በሕወሓትም በኦነግም ጎራ ያለ ነው። ብሔርተኛ ቀኝ ክንፍ የሚባል ነገር እኛ ዘንድ ካለ፣ መነሻው ይህች ለውጥ ናት እንላለን።

ፖፑሊዝም የሚባለውስ? ሕዝብን መውደድ አይደለም። ሕዝብን የማይወድ ፖለቲከኛ ስብሰባ ላይ አይተን አናውቅም! ነገሩ በሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለች እርምጃ ናት። የመጀመሪያው «ተበድለናል» ይላል። ይህ ማስረጃ ቀርቦበት እውነትነቱ የሚታይ ንግግር ነው። ሁለተኛው «እውነተኛው ሕዝብ እኛ ብቻ ነን» ይላል። ይህኛው ማስረጃ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ጭብጨባ ነው። ሰው ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ሲሻገር ድልድዩን አያየውም። በበደሉ ያዘነልህ ሁሉ በሁለተኛውም አብሮህ ያለ ይመስልሃል። ያልተሻገረውን የገዛ ወገንህን ደግሞ «ሆዳም» ወይም «ባንዳ» ትለዋለህ። የማንኛውንም ወገን ብሔርተኛ ፓርቲ መለያው ይኸው ነው፦ ከጠላቱ ይልቅ የሚጠራጠረው ወንድሙን ነው።

የአቃቂ ቃሊቲ ልጆች ይህን በመጽሐፍ ብቻ አላነበብነውም። ከሰፈራችን አጠገብ ኮዬ ፈጬ አለ። በየካቲት 2011 ከ51 ሺሕ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ሲወጣ ከፊሎቹ እዚያ የተሠሩ ነበሩ። ዕጣ ከወጣላቸው መካከል በ1997 ተመዝግቦ፣ ከልጆቹ አፍ እየቀነሰ ለዓመታት የቆጠበ የአዲስ አበባ ሰው አለ። ቤቱ የተሠራበት መሬት ደግሞ የኦሮሞ ገበሬ ያርሰው የነበረ ነው፤ ከመሬቱ የተነሣ ገበሬ በአነስተኛ ካሣ ምን እንደሚሆን የአካባቢያችን ሰው ያውቃል። በኦሮሚያ ከተሞች ሰልፍ ተወጣ። በዚያው ሰሞን እዚህ አዲስ አበባ ውስጥ በእስክንድር ነጋ የሚመራው የባላደራ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ ኋላም ባልደራስ የሚባል ፓርቲ ሆነ። እንግዲህ ፍረዱ። ቆጣቢው ተበድሏል ወይ? አዎ። ገበሬውስ? አዎ። ታዲያ በደል ብቻውን ባለቤት የሚያደርግ ከሆነ አንዱን ቤት ለሁለት ባለቤት እንስጠው? ሁለት እውነተኛ በደሎች አንድ በር ላይ ሲገናኙ «እኔ ተበድያለሁ» የሚለው ቃል ክርክሩን ይጀምረዋል እንጂ አይጨርሰውም። በደል ምስክር ነው። ዳኛ ግን ሊሆን አይችልም።

ወደ ዓለምም እንይ። በእ.ኤ.አ. 1919 ሚላኖ ላይ የተመሠረተው የሙሶሊኒ እንቅስቃሴ በዚያው ዓመት ምርጫ አንድ መቀመጫ እንኳ አላገኘም ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ፣ በጥቅምት 1922፣ ሥልጣን ያዘ። የሚነግደውም በቁስል ነበር፦ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ድል አደረግን፣ ድላችንን ግን ተቀማን እያለ። በ1935 ኢትዮጵያን ሊወርር ሲነሣ ደግሞ አርባ ዓመት ታግሠናል ብሎ ለሕዝቡ ተናገረ። አርባ ዓመት የተባለችው ዐድዋ ናት! የእኛ ኩራት የእነርሱ ቁስል ሆና ተቆጥራለች። በዚያ ጦርነት ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ድምፃቸውን ለዓለም ያሰሙበት ሬዲዮ ጣቢያ እዚሁ አቃቂ ነበር፤ በሚላኖ አደባባይ የተጀመረ ቁጣ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ደጃችን ደረሰ። የአብንን ወጣቶች ከፋሺስት ጋር ለማመሳሰል አይደለም ይህን የምንለው፤ ሚዛኑ የተለያየ ነው፣ ማመሳሰሉም ስድብ ነው። የምንለው፦ ቁስል የሌለው ሕዝብ የለም። ወራሪም እንኳ ቁስል ይቆጥራል። ስለዚህ «ቆስያለሁ» ማለት ብቻውን ተበዳይን ከበዳይ አይለይም።

እዚህ ላይ የሚቆጣን አንባቢ እንዳለ እናውቃለን። «እናንተ ቁጭ ብላችሁ ትፈላሰፋላችሁ፤ በታኅሣሥ 2013 መተከል ላይ፣ በሰኔ 2014 ወለጋ ቶሌ ላይ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ የእናንተ ሚዛን ማንን አዳነ?» ይለናል። ይህ ተቃውሞ ከባድ ነው፤ አቃልለን አናልፈውም። ቤቱ የሚቃጠልበትን ሰው ስለ ሰው ልጅ በጠቅላላው አስብ ማለት ጭካኔ ነው። ለዚህም ነው በብሔር መደራጀትን ከነአካቴው ኃጢአት ነው የማንለው። በስምህ ከተመታህ በስምህ መጮኽ መብትህ ነው። ሆኖም ጩኸትና መንግሥት ሁለት ነገሮች ናቸው። የጩኸት ማኅበር አባላቱን ቢጠብቅ ይበቃዋል። ፓርቲ ግን «ግዛን» ተብሎ የሚመረጥ ነውና፣ የእርሱ ያልሆነውን ሰው እንዴት እንደሚያኖር አስቀድሞ መናገር አለበት።

የአብን የኋላ ታሪክም ያስተምራል። በሰኔ 2013ቱ ምርጫ በተወካዮች ምክር ቤት ያገኘው 5 መቀመጫ ነበር፤ ብልጽግና 410 አገኘ። ሊቀ መንበሩ በለጠ ሞላ በመስከረም 2014 ሚኒስትር ሆኑ። ከተመረጡት አንዱ ክርስቲያን ታደለ በ2015 ክረምት፣ በዐማራ ክልል ጦርነት ፈንድቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ ታሰሩ። አንዱ ካቢኔ፣ አንዱ እስር ቤት። ቁጣው ግን ከሁለቱም ጋር አልሄደም፤ ጠመንጃ ይዞ ገጠር ወረደ። አንዳንዱ «ይኸው፣ የብሔር ፓርቲ መጨረሻው» ይላል። እኛ ግን ተቃራኒውንም እናያለን። ቁጣ በስብሰባና በድምፅ መስጫ ሳጥን በኩል መውጫ ሲያጣ የሚጠፋ አይደለም። ፓርቲውን ማዳከም ቁስሉን ማዳን መስሎት የተደሰተ ካለ ተሳስቷል።

ቃሊቲ ደግሞ እስር ቤት ያለበት ሰፈር ነው። በሰኔ 2012 ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ጃዋር መሐመድም፣ በቀለ ገርባም፣ እስክንድር ነጋም ታሰሩ፤ የተፈቱትም በአንድ ቀን፣ በ2014 የገና ዕለት ነበር። ደጋፊዎቻቸው በአንድ አዳራሽ ቢቀመጡ ሰላምታ አይለዋወጡም። ሕጉ ሲጠምም ግን ሦስቱንም የሚያገናኛቸው ያው አጥር ነው። እስረኛ ጠያቂ ቤተሰብም ምሳ ዕቃውን ይዞ ያው ሰልፍ ላይ ይቆማል፤ እዚያ ሰልፍ ላይ «ይህ መሬት የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ዛሬ ያስገባሉ ወይ?» ነው ጥያቄው።

እንግዲህ ለአንባቢ የምናቀርበው መለኪያ አንድ ነው። የትኛውም ፓርቲ፣ የወገናችንም ቢሆን፣ «ስለ እኛ ምን ይላል?» ብለን ብቻ አንመዝነው። «እኔ የእነርሱ ባልሆን ኖሮ፣ በሚገዙት ቀበሌ ውስጥ ቤት ተከራይቼ መኖር እችል ነበር ወይ?» ብለን እንጠይቅ። በየዶርሙ በሚደረገው ክርክር ይህን ጥያቄ ስናነሣ «ባንዳ» የሚለን ጓደኛ አይጠፋም። ይበለን። በደል ይነገራል፣ ይመዘገባል፣ ይካሣል። ለልጅ ልጅ እንደ ርስት የሚተላለፍ ከሆነ ግን ወራሹ ሁሉ ድንበር ጠባቂ ሆኖ ይቀራል፤ አቃቂን በመሰለ፣ ሰዉ ሁሉ ከሌላ መጥቶ በአንድ ፋብሪካ ደወል በሚነሣበት ሰፈር ደግሞ ድንበሩ የሚያልፈው በየሰዉ ጓዳ ውስጥ ነው። ተቃራኒ ሐሳብ ያለው ይጻፍልን፤ በሚቀጥለው እትም ቦታ አለ።