ድምፁ ሳይጠፋ ማን ያዳምጥ?

ዓባይ ማዶ ዳር ቆሞ ወደ ጣና የሚመለከት ሰው፣ ሐይቁ የት ላይ አልቆ ዓባይ የት ላይ እንደሚጀምር በጣቱ ሊያሳይ አይችልም። ውኃው ያው ውኃ፣ ደንገሉም ያው ደንገል ነው፤ ወንዝ መሆኑ የሚታወቀው ሲፈስ ብቻ ነው። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን ድልድይ ከዒሻእ ሶላት በኋላ በእግሬ ስሻገር ይህን ማሰላሰል የጀመርኩት፣ አንድ ሌላ የማይታይ ድንበር ሐሳቤን ስለያዘው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቮዬጀር የተባሉት ሁለት የአሜሪካ መንኮራኩሮች የተላኩት ነሐሴ 1969 ዓ.ም.፣ ሀገራችን በኦጋዴን ጦርነት ውስጥ በነበረችበት ወር ነበር። ጁፒተርንና ሳተርንን እንዲጎበኙ ነበር የታሰቡት፤ ሁለተኛው ዩራነስንና ኔፕቲዩንንም ጨመረ። ጉብኝቱ ቢያልቅም ጉዞው አላበቃም። ፀሐይ በየአቅጣጫው የምትነፋው የብናኝ ነፋስ አለ፤ ይህ ነፋስ በከዋክብት መካከል ካለው ስስ ጋዝ ጋር ተጋፍቶ የሚቆምበት ድንበር አለ። ያንን ድንበር ቮዬጀር 1 ነሐሴ 19 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ቮዬጀር 2 ደግሞ ጥቅምት 26 ቀን 2011 ዓ.ም. ተሻገሩት። (አንዳንድ ጋዜጦች «ከሥርዓተ ፀሐይ ወጡ» ብለው ነበር፤ ትክክል አይደለም። የፀሐይ ስበት የያዛቸው በረዷማ አካላት ከዚያም ወዲያ አሉ፤ ወደ እነርሱ ለመድረስ ገና 300 ዓመት ያህል ይቀራል።) ድንበሩ ግን በዓይን አይታይም። ጉዳዩን በቀጥታ የሚለካው የቮዬጀር 1 መሣሪያ ቀደም ብሎ ተበላሽቶ ስለነበር፣ ሊቃውንቱ አንድ ዓመት ሙሉ ሲከራከሩ ቆይተው የተስማሙት ሌላው መሣሪያ የአካባቢውን ጋዝ ንዝረት ከሰማ በኋላ ነው።

ዛሬ ሁለቱም አርጅተዋል። የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያገኙት ከፕሉቶኒየም ሙቀት ሲሆን፣ ይህም በየዓመቱ በ4 ዋት ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ የቀረው እንዲናገር ሲሉ አንዱን መሣሪያ ከሌላው በኋላ ያጠፋሉ። የቮዬጀር 1 ካሜራዎች ከ1982 ዓ.ም. ጀምሮ ታውረዋል። አሥር አሥር መሣሪያ ይዘው የወጡት መንኮራኩሮች መጋቢት 2017 ዓ.ም. ላይ በሦስት በሦስት ብቻ ቀሩ። ኅዳር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ቮዬጀር 1 ይቃዥ ጀመር፤ ትርጉም የሌለው ምልክት ብቻ ይልካል። አንዲት የማስታወሻ ቺፕ ሞታ ኖሯል። ከ24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ያለን ዕቃ ማን ሄዶ ይጠግነዋል? አንድ ትእዛዝ ለመድረስ ከ22 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ መልሱም ያንኑ ያህል። ሰዎቹ ግን ሟቾችና ጡረተኞች የጻፏቸውን አሮጌ ወረቀቶች እያገላበጡ፣ በሞተችው ቺፕ ላይ የነበረውን መመሪያ ቆራርጠው በሌላ ቦታ አሰፈሩት። ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. መንኮራኩሩ እንደገና አፉን ፈታ። ይህን ከሚያደርጉት መካከል ብዙዎቹ መንኮራኩሩ ሲላክ አልተወለዱም ነበር። የሳይንሱ ኃላፊ ኤድዋርድ ስቶን ለ50 ዓመት በዚያው ሥራ ላይ ቆይተው ጡረታ ወጡ፤ ሰኔ 2016 ዓ.ም. ሞቱ። እኛ አማና የምንለውን ነገር እነርሱ ምን እንደሚሉት እንጃ።

ይህን ለአንድ ወዳጄ ሻይ ላይ ባወራው፣ «ወንድሜ፣ ሰው እየተራበ ለሽማግሌ ብረት ይህን ያህል ልፋት ምንድነው?» አለኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ የገንዘቡን ጉዳይ ልከራከርለትም አልፈልግም። እኔን የነካኝ ጆሮው ነው። ከዚያ ድንበር ማዶ ሆኖ የሚናገር ሌላ ስለሌለ፣ ብዙው አካሉ የጠፋ አሮጌ ነገር የቀረችውን ድምፅ ሳይሰሙ ላለመተው መወሰን። ለመሆኑ እኛ የማንን የመጨረሻ ድምፅ እንዲህ አዳምጠን እናውቃለን?

መንኮራኩሮቹ በወርቅ የተለበጠ የመዳብ ሸክላ ይዘዋል። በላዩ ላይ በ55 ቋንቋዎች ሰላምታ ተቀርጿል። ዐረብኛ አለበት፤ አማርኛ የለበትም። በዚህ ብዙም አልተቀየምኩም። ያስደነገጠኝ፣ ከሺህ ዓመታት በፊት የሞቱት የሱመርና የአካድ ቋንቋዎች መኖራቸው ነው። ይህን ሳነብ ሐሳቤ በቀጥታ የሄደው እዚሁ ጣና ዳር፣ ደንገል አስረው ታንኳ ወደሚሠሩት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ነበር። እነዚህ ሙስሊሞች የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ ያለፈው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ፣ ቋንቋቸው በሀገሩ ካሉት ሁሉ የተለየ መሆኑን ጽፏል። ሁለት ሰዎች በንጉሥ ትእዛዝ ቀርበውለት ቢጠይቃቸው፣ ትሰቀላላችሁ ተብለው እንኳ መልስ አልሰጡም። ማን በገመድ ፊት ቋንቋውን ያስተምራል? እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ የመጣው ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል የሰማው አማርኛ ብቻ ነበር። አንድ ሰው ብቻ በሞተው ቋንቋ ዘፈነለት፤ ከጉማሬ ብልቶች ስም በቀር ዘፋኙ ራሱ የሚለውን አያውቅም ነበር። ዘፈኑም አልተቀዳም።

ጠላት መጥቶ አላጠፋውም። አጠገባቸው የኖርነው ነን ያልሰማነው። ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ክርስቲያኑም ሸሻቸው፤ የሚያሳዝነው ሙስሊሙም አብሮ ከማዕድ አገለላቸው፤ እስልምናቸውን የተጠራጠረም ሞልቶ ነበር። አብረነው ያልበላነውን ሰው ቋንቋ ከየት እንሰማለን?

ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሐይቁ ዳር አንድ አዛውንት ታንኳ ሲያስሩ አገኘሁ። ሰላምታ ተለዋውጠን አጠገባቸው ተቀመጥኩና ስልኬን አውጥቼ፣ «አባባ፣ ድምፅዎን ልቅዳ?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

«ምኑን ልጄ?»

«የደንገሉን፣ የቋጠሮውን፣ የሐይቁን ነፋስ፤ ስሙን ሁሉ።»

ሳቁ። እጃቸው ሥራውን ሳያቆም ከደንገሉ ጀመሩ።